መጀመሪያ ድምፁ

በገና ደርዳሪን ቤት ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ለመቅረጽ ያሰበ ሰው፣ ያለችውን ብር ከካሜራ ይልቅ ለድምፅ ቢያውላት እላለሁ። የበገና ውበቱ እዝዝታው ነው፤ እሱም የሚወጣው ከአውታሩ ሥር ከምትገባው ትንሽዬ ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራዋ ነው። ስልክ ከሦስት ሜትር ላይ ሲቀዳው ያ እዝዝታ ከግድግዳው ማስተጋባት ጋር ይደበላለቃል። ስልኩ በራሱ ጊዜ ድምፁን ከፍና ዝቅ ሲያደርገው ደግሞ በአውታሮቹ መካከል ያለው ጸጥታ በሹሹታ ይሞላል። ሁለተኛ ስልክ ተውሶ ከበገናው ገበቴ (የድምፅ ሳጥኑ) አጠገብ ማስቀመጥ፣ ግድግዳው ላይ ጋቢ መስቀል፣ ፍሪጁን መንቀል፣ ምስልና ድምፁን ኋላ ለማገጣጠም ሲጀመር አንዴ ማጨብጨብ ወጪ የለውም።

«ሰው እኮ የሚመርጠው በዓይኑ ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ግን የጠዋት ብርሃን በመስኮት በነጻ ይገባል፤ ተራ ስልክም ብርሃን ካገኘ የደርዳሪውን ጣቶች አጥርቶ ያሳያል። የተበላሸን ድምፅ ግን የሚያድን ብርሃን የለም። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ፣ ቤት ውስጥ የቀዷቸው ዘፈኖች በ2024 በአልበም ሲወጡ ምስል አልነበራቸውም። ሰው ያዳመጠው ፒያኖውንና ድምፃቸውን ነው።