ሁለት በግ ወይስ ፕሮሰሰር? ጉዞ ወደ ወረኢሉ

ከደሴ ወደ ወረኢሉ የሚሄዱ ከሆነ ወፍራም ጃኬት መያዝዎን አይርሱ። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከዚያ መንገዱ የገብስ ማሳና የበግ መንጋ እያሳየ በካቤ በኩል ወረኢሉ ያደርስዎታል።

ወረኢሉን ብዙዎቻችን የምናውቃት ከዓድዋ ታሪክ ነው። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መግቢያ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋ ሠራዊት እስከ ጥቅምት አጋማሽ እንዲሰበሰብ የቀጠሩት እዚህ ነበር። እኔን የወሰደኝ ግን የአጎቴ ልጅ ስልክ ነው። «ኮምፒውተሬ ተንቀረፈፈብኝ፤ ፕሮሰሰር ግዥልኝ። ለብሩ አብሽሪ፣ ሁለት በግ እሸጣለሁ» አለኝ።

የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ማመልከቻውም፣ ውሉም፣ የተማሪዎች ምዝገባም የሚሠራው በዚያች አንድ ኮምፒውተር ነው። በጎቹ ደግሞ ለልጆቹ የትምህርት ወጪ የተያዙ ናቸው። የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው፤ «አዲሱ ይሻላል» ማለት ይቀናኛል። ለእሱም «ኮር አይ 7 ይሁንልህ» ብዬው ነበር። ደግነቱ፣ ማሽኑን ሳላይ አልገዛም ብዬ ባዶ እጄን ሄድኩ።

ቡናው እስኪፈላ ሁልጊዜ የሚጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች ከፍተን «ታስክ ማናጀር»ን ተመለከትን። ፕሮሰሰሩ ከ30 በመቶ በታች ነው የሚሠራው። 4 ጊጋ ባይት ራሙ ሞልቷል፤ ሃርድ ዲስኩ 100 በመቶ ተጨናንቋል። ፕሮሰሰሩ ዲስኩን እየጠበቀ ኖሯል እንጂ አልደከመም።

ሌላም ነገር አለ። ኮምፒውተሩ በ2003 ዓ.ም. ገበያ ላይ የዋለው ሁለተኛው ትውልድ ኮር አይ 3 ነው። ማዘርቦርዱ ከሁለተኛውና ምናልባት ከሦስተኛው ትውልድ በላይ አይቀበልም። ዊንዶውስ 11 ግን ከኢንቴል በአብዛኛው የሚጠይቀው ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ በላይ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ኮር አይ 7 ብንገዛለትም ያው አሮጌ ማሽን ነው።

ደሴ ወርደን 240 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲና ተጨማሪ 4 ጊጋ ባይት ራም ገዛን። አቧራውን አራግፈን፣ የፕሮሰሰሩን የማቀዝቀዣ ቅባት ቀየርን። ለዚህ ሁሉ አንድ በግ በቃ። ሲከፈት ቡና ያስፈላ የነበረው ኮምፒውተር አሁን ሲኒ ሳይቀዳ ይነሳል። ኤስኤስዲው ነገ ሌላ ኮምፒውተር ቢገዛም ተነቅሎ ያገለግለዋል። የደንበኞቹን ሰነድ በውጫዊ ዲስክ እንዲገለብጥ፣ ለአዲስ ማሽንም ከአሁኑ ጥቂት በጥቂት እንዲያጠራቅም ተስማምተናል።

እርስዎም ቤት «ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነው» የሚል ልጅ ካለ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሥራው በሚበዛበት ሰዓት እነዚያን ሦስት ቁጥሮች ይዩ። ቪዲዮ ሲቀናበር ወይም ከባድ ንድፍ ሲሠራ ራሙና ዲስኩ ተርፏቸው ፕሮሰሰሩ ብቻ 100 በመቶ ላይ ከቆመ፣ መቀየሩ ያዋጣል። ያኔም የማዘርቦርዱን ሞዴል አይተው የትኛውን ፕሮሰሰር እንደሚቀበል፣ ማቀዝቀዣውና ፓወር ሰፕላዩም እንደሚችሉት አስቀድመው ያጣሩ።

ከወረኢሉ ስነሳ ሁለተኛው በግ ደጃፉ ላይ ድርቆሹን ይበላ ነበር። የአጎቴ ልጅ በእጁ ጠቆመኝና «ይቺ የልጆቹ ናት» አለኝ።