«ደሴ የምንሄደው ከረሜላ ልንገዛ ነው!»

እናንተ የከተማ ልጆች፣ «ቦረና» ሲባል ደቡብ ያለው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የወሎም ቦረና አለ! ከተማዋ መካነ ሰላም፣ ከደሴ ወደ ምዕራብ በአቀስታ በኩል ወገብ እስኪቆረጥ ተጉዛችሁ የምታገኟት ናት። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት አክስቴ ዘንድ የሄድኩት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበትን የደንቆሮ ጫካ ለማየት ነበር። ሳላየው ተመለስኩ።

የአክስቴ የሰባት ዓመት ልጅ ቡአ ኖሮበት ከሳምንት በኋላ ደሴ ለቀዶ ጥገና ተቀጥሯል። እሱ ግን የሚያውቀው ከረሜላ ሊገዛለት መሆኑን ነው። በዚያው ቤት ሲያስቸግር ደግሞ «ዋ! መርፌ አስወጋሃለሁ» ይባላል። እስቲ ፍረዱ!

ስልኬ ላይ ሊትል ጆርኒ የሚባል አፕ ነበረኝ። አንድ የእንግሊዝ የማደንዘዣ ሐኪም ያስጀመረው ነው፤ ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ የሆስፒታል ክፍሎችን እየዞረ ያያል። ድምፁን አጥፍቼ በአማርኛ አስረዳሁት። ትንሽ አየና «ይሄ የፈረንጅ አገር ነው» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው!

ደሴ የምትማር ጓደኛዬን ደውዬ ለመንኳት። አስፈቅዳ አልጋውን፣ የማደንዘዣውን ማስክ፣ በሩንና ነርሷን ራሷን አንስታ ላከችልኝ። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ አራት ፎቶ ግማሽ ቀን ፈጀ።

ማታ እሳት ዳር አሳየሁት። «ያማል?» አለኝ። አክስቴ አፈጠጠችብኝ። «መርፌዋ ትቆነጥጥሃለች፣ ከዚያ ትተኛለህ፣ ስትነቃ ትንሽ ያምሃል፣ እናትህ አጠገብህ ናት» አልኩት። ከሁሉ የከፋበት ግን «የዚያን ቀን ቁርስ የለም» ያልኩት ነው!

«አንተ ልጅ፣ ልጄን አስበረገግከው» ብላ አክስቴ አኮረፈችኝ። ልጁም ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። እውነት ለመናገር እኔም ተጸጽቼ ነበር... የአራት ዓመት ልጅ ቢሆን ዋዜማው ላይ መንገር ይበቃል፤ ሰባት የሞላው ግን እየመላለሰ የሚጠይቅበት ቀን ያስፈልገዋል። ይሄም ሳምንቱን ሙሉ ጠየቀኝ። በአቀስታ ብርድ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ጋቢ ተከናንቦ እነዚያኑ አራት ፎቶዎች ያገላብጣል።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷን ገና ሲያያት «ስልኩ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ!» አላት። ሳቀች። መርፌው ሲገባ አለቀሰ፣ ለምን እዋሻለሁ! እጁን ግን አልነጠቀም።

ስንመለስ እናቱን ዞር ብሎ አያትና «ከረሜላውስ?» አላት። ለካስ ረስተነዋል። አቀስታ ላይ ወርጄ ገዛሁለት።