ቅቤው ይቆይ፣ ውኃ አምጡ

ለገጠር ተማሪዎች የመጀመሪያ ደረጃ እርዳታ ሳስተምር ከሁሉም የሚያከራክረን የቃጠሎ ትምህርት ነው። ነገሩ አጭር ነው፤ አምባርም ሆነ ቀለበት ካለ ቶሎ ማውለቅ፣ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ማብረድ፣ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አለመቀባት፣ ውኃ የቋጠረውን አለማፍረጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ። አዲስ አበባ ላይ ይህን ስናገር ሰው ሁሉ የሚያስበው ቧንቧ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ግን አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ይህን ያህል ካፈሰስን እኮ የቤቱ ውኃ ያልቃል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ውኃው ከምንጭ በጀሪካን የመጣ ነው፤ ቀጂዋም እሷው ናት። ስለዚህ ዘዴውን አብረን ፈለግን። የተቃጠለውን እጅ ከሳፋ በላይ ይዞ በጣሳ ቀስ እያሉ ማፍሰስ፣ የተጠራቀመውን መልሶ እየቀዱ ማፍሰስ፣ ሲሞቅ ብቻ አዲስ መጨመር። «ሰዓት የለንም» ላሉት ደግሞ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ነው አልኳቸው። ክፍለ ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዝም ተማሪ ያውቃል!

ቅቤው ግን በዘዴ ብቻ የሚፈታ አልሆነም። «አያቴ ቅቤ ቀቢው ብትለኝስ?» ሲሉኝ፣ ልጅ አያቱን «አይሆንም» እንደማይል ስለማውቅ ሌላ አነጋገር ተለማመድን፤ «እምዬ፣ መጀመሪያ ውኃ ላፍስበት፤ ቅቤውን ጤና ጣቢያ ካሉን እንቀባዋለን።» አንዱ ልጅ ነጠላ ተከናንቦ አያት ሲሆን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ከትምህርቱ ሁሉ ዋናው ይህ ይመስለኛል። ሳይቆጣና ሳይዋረድ የሚናገርበት ቃል የሌለው ልጅ፣ ያወቀውን ይዞ ዝም ይላል።

መጀመሪያ መማር ያለባቸው ወላጆች ናቸው የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ወላጆች ይማሩ፤ ማን ይጠላል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ። ነገር ግን እናትና አባት አዝመራ ላይ ሲውሉ ምድጃው አጠገብ ሕፃን ይዛ የምትቀረው ታላቅ እህት ናት።

ለእረኞቹ የእባብ ነገር አይቀርም። አትሰሩት፣ አትብጡት፣ አትምጠጡት፤ የተነደፈው ሰው አይሩጥ፣ አይራመድም፤ እግሩን በእንጨት ደግፋችሁ፣ በቃሬዛ አድርጋችሁ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። የሚጥል በሽታ ያለበት ጓደኛቸው ሲወድቅም ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት የለም። በአካባቢው የሚጎዳውን ነገር ማራቅ፣ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት፤ አምስት ደቂቃ ካለፈው ሐኪም ቤት ማድረስ።

የእርዳታ ሳጥን? አንድ አለ፤ ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ የምንለማመደው በነጠላና በሻሽ ነው። ደም ሲፈስ ንጹሕ ጨርቅ አጥፎ አጥብቆ መጫን፣ ቡና አለመነስነስ። ነጠላ የተሰበረ ክንድ ማንጠልጠያም ይሆናል።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ልጆቹ የአያትየውን ትርኢት ሊያሳዩ ተዘጋጅተዋል። አያት ሆኖ የሚጫወተው ልጅ የአያቱን ነጠላ እንደሚያመጣ ነግሮኛል። አስፈቅዶ እንደሆነ ስጠይቀው ግን ወደ መሬት አየ።