ዕቃ ፍለጋ ወጥተን አገር አገኘን!

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጫካ ገብታችሁ ሰው የደበቀውን ሳጥን ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? “ሥራ የፈታሽ!” እንዳትሉኝ። እኔም እንደናንተ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት አሜሪካ፣ ፖርትላንድ የሚኖረውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነው ጉዱን ያየሁት።

ዘመዴ ከአገር ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የሚያውቀው መንገድ ሦስት ብቻ ነው፤ ወደ ሥራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ሐበሻ ሱቅ። የቀረውን “ታሪክ የሌለው አገር” ይለዋል። እዚያው የተወለደው የዘጠኝ ዓመት ልጁ ይህን በሰማ ቁጥር ያቀረቅራል። አንድ ዓርብ ማታ ግን አላስቻለውም፤ “አባዬ፣ ይሄ እኮ የኔ አገር ነው!” አለ። ቤቱ ጭጭ! በነጋታው ሦስታችንም መኪና ውስጥ ነበርን።

ልጁ የሚወደው ጨዋታ ጂኦካሺንግ ይባላል። በስልክ ጂፒኤስ እየተመሩ ሌሎች የደበቁትን ሳጥን መፈለግ ነው። የተጀመረውም እዚያው ክላካማስ ካውንቲ ነው፤ ካውንቲ ማለት እንደኛ አውራጃ በሉት። የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስን ምልክት ለሲቪሉ ሆን ብሎ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ አቆመ። ወዲያው በሜይ 3 አንድ ሰው ቢቨርክሪክ ከምትባል የገጠር መንደር አጠገብ መጻሕፍትና ወንጭፍ የያዘ ባልዲ ደበቀ። ዛሬ ባልዲው የለም፤ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተክሎበታል።

ከዚያ ኦሪገን ሲቲ ገባን። የድሮ ሰፋሪዎች በጋሪ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የሚደርሱባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1846 ተራራውን የሚዞር ባርሎው ሮድ የሚባል መንገድ ተከፈተላቸው፤ ታዲያ ለአንድ ጋሪ 5 ዶላር ያስከፍል ነበር። “ያኔም ያልቡ ነበር በይኛ!” ብሎ ዘመዴ ሳቀ።

ወንዙን ተሻግረን ዌስት ሊን ስንደርስ ግን ሳቁ ቆመ። እዚህ አካባቢ ከ15 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ከሰማይ የወረደ ብረት ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ቶማኖዎስ ይለዋል። በላዩ ካሉት ጉድጓዶች የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ ይፈውሳል ብለው ያምናሉ፤ እንደኛ ጠበል ማለት ነው። ብረቱ እ.ኤ.አ. በ1906 ኒው ዮርክ ላለ ሙዚየም ተሰጠ፤ እስካሁንም እዚያው ነው። የነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች በ2000 በተደረሰ ስምምነት መሠረት እየሄዱ ሥርዓታቸውን ያደርሱበታል።

ዘመዴ ዝም አለ። ቆይቶ ልጁን አጠገቡ አስቀመጠና፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በ2005 ስለተመለሰው የአክሱም ሐውልት ነገረው። “የኛስ ተመለሰ፤ የነሱ ገና ነው” አለ። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ያንተን መቼ ታሳየኛለህ?”

ማታ ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ትንሽ ቆርቆሮ አገኘን። ውስጧ ባለው ደብተር ስማችንን ጻፍን። ልጁም ከኔ የወሰዳትን አንበሳ ያለባት ሳንቲም አስቀመጠባት። “ታሪክ የሌለው አገር” የሚለውን ነገር እስክመለስ ድረስ ደግሜ አልሰማሁም።

ዕድሉ ከገጠማችሁ ሕጉ ቀላል ነው። ዕቃ ካነሳችሁ እኩያውን ተኩ፤ ሰው ግቢ ዘው አትበሉ፤ ሳጥኑንም እንደነበረ ደብቁት። ሳጥን ባይኖርስ? የአባታችሁን አገር ከአውቶቡስ መስኮት ብቻ የምታውቁ ስንት ናችሁ? አንድ ቀን ውረዱና ጠይቁ እንጂ!

ቸር ያሰንብተን።