ፕሮፋይልዎ፣ ስምዎ እና የልጅዎ ጌም

የራስዎን ፕሮፋይል እንደ እንግዳ ሰው ሆነው ከተመለከቱት ስንት ጊዜ ሆነዎት? ፎቶ ስንለጥፍ፣ እንኳን አደረሳችሁ ስንል፣ የልጃችንን ልደት ስናጋራ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጡት የሚወዱን ሰዎች ናቸው። ያንኑ ገጽ ግን የማያውቀን ሰውም ይከፍተዋል። እሱ ምን ያያል? ምንስ ይዞ ይሄዳል?

እኔ የምኖረው ቦንጋ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ የደን ማር፣ ቡናና ኮረሪማ ለሌላ ከተማ ገዢዎች አስተዋውቃለሁ። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምንርቅ ገዢው ሱቃችንን አያየውም፤ ማሩንም ቀምሶ አይወስንም። መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን አውጥቶ የሻጩን ፕሮፋይል መክፈት ነው። ስለዚህ ፕሮፋይል ለእኛ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ስም ነው። ስም ደግሞ እንደ ቦንጋ ባለ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ትልቅ ሀብት ነው። እዚህ ዱቤ የሚሰጠው መታወቂያ ታይቶ ሳይሆን “የእገሌ ልጅ እኮ ነው” ተብሎ ነው።

ስልክዎን የሚሰርቅ ሌባ የሚፈልገው ስልኩን ነው። አካውንትዎን የሚሰርቅ ግን የሚፈልገው ይህንኑ ስም ነው፤ በእርስዎ ስም የሚያምኑዎትን ሰዎች ሊያጭበረብርበት። ከዚህ በታች የማካፍልዎት ዘዴዎች ቀላልና ነጻ ናቸው። ሁሉም የሚያገለግሉት ለአንድ ነገር ነው፤ ሰዎች በእርስዎ ላይ ያላቸውን እምነት ለመጠበቅ።

“ሰላም ነሽ?”

በቤተሰባችን የደረሰውን ልንገርዎ። የእህቴ ባል በቴሌግራም ከሚያውቀው ሰው መልእክት ይደርሰዋል። “የልጄ ሥዕል ለውድድር ቀርቧል፤ እባክህ ድምፅ ስጥልኝ” ይላል፤ ሊንክም ተያይዟል። ሊንኩን ሲነካው ስልክ ቁጥሩን ይጠይቀዋል። ቀጥሎም በዚያው ቅጽበት በቴሌግራም የደረሰውን ባለ አምስት አሃዝ ኮድ እንዲያስገባ ይጠይቀዋል። አስገባ። ውድድር የሚባል ነገር አልነበረም። ኮዱ የአካውንቱ ቁልፍ ነበር። መልእክቱን የላከለት ወዳጁም አካውንቱ ቀድሞ የተወሰደበት ሰው ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ በእህቴ ባል ስምና ፎቶ ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ መልእክት ተበተነ። ለእናቴ የደረሳት እንዲህ ይላል፦ “ሰላም ነሽ? አስቸኳይ ነገር ገጥሞኝ ነው፤ 5 ሺህ ብር በዚህ ቁጥር ላኪልኝ፤ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ።”

እናቴን ያስደነገጣት የብሩ ጥያቄ አልነበረም። እኛ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ “አንቺ” እንላታለን። አማቿ ግን በ15 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ “አንቺ” ብሏት አያውቅም። በስልክ ሲያወሩ በካፊኖኖ ነው፤ ሲጽፍላት ደግሞ “እንደምን አመሹ እናቴ” ብሎ ነው የሚጀምረው። “ይሄ ልጅ ወይ ታሟል፣ ወይ እሱ አይደለም” አለችና ደወለችለት። አካውንቱ መወሰዱን ያወቀው ከእሷ ነው። አጭበርባሪው ስሙን፣ ፎቶውንና የወዳጆቹን ዝርዝር ይዟል፤ “አንቱ” ማለት እንዳለበት ግን አላወቀም።

እናቴ እስክትደውል ግን ሁለት ሰዎች ብሩን ልከው ነበር፤ አንዱ አዲስ አበባ ያለ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው፣ ሌላዋ ጅማ የምትኖር የአክስቱ ልጅ። በድምሩ 10 ሺህ ብር። የእህቴ ባል ከኪሱ ከፈላቸው። “አንተ አልወሰድከው፤ ለምን ትከፍላለህ?” ስንለው፣ “እኔን ብለው ነው የላኩት” አለ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ 10 ሺህ ብር በደመወዝ ለሚተዳደር ቤት ቀላል አይደለም። የዚያ ዓመት ዩኒፎርምና ደብተር በዱቤ ተገዛ።

የቴሌግራም ቁልፎች

አንደኛ፣ ሁለተኛ ቁልፍ ያስገቡ። በሴቲንግ ውስጥ “ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ” የሚለውን፣ ከዚያ “ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን” የሚለውን ይክፈቱና የራስዎን የይለፍ ቃል ያስቀምጡ። ይህ ካለ፣ ኮዱ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ ያለ ይለፍ ቃሉ አካውንትዎን መክፈት አይችልም። ቃሉን ቢረሱት መመለስ እንዲችሉ ኢሜይልዎን ማስመዝገብ አይርሱ።

ሁለተኛ፣ “ዲቫይሰስ” የሚለውን ይክፈቱ። አካውንትዎ የተከፈተባቸውን ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ያሳየዎታል። የማያውቁት ካለ ያስወጡት። ኢንተርኔት ቤት ከፍተው ሳይዘጉ የመጡትም እዚያው ይታያል።

ሦስተኛ፣ ስልክ ቁጥርዎን ማን ማየት እንደሚችል ይወስኑ። ለሥራ ካላስፈለገዎት በስተቀር “ማይ ኮንታክትስ” ወይም “ኖባዲ” ላይ ያድርጉት። ማንም በማያውቁት ግሩፕ ውስጥ እንዳይከትዎትም እዚያው መከልከል ይቻላል።

አራተኛ፣ ሲም ካርድ ሲቀይሩ አሮጌውን ከመጣልዎ በፊት በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በባንክዎ ያለውን ቁጥር ያስቀይሩ። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ያ ሰው ደግሞ የእርስዎን ኮድ የሚቀበል ሰው ይሆናል።

አካውንቱ ከተወሰደብዎትስ? በጣም የሚጠቅም ነገር አለ። በአዲስ ስልክ የገባ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቀድሞ የነበሩትን ስልኮች ማስወጣት አይችልም። እርስዎ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ከነባሩ ስልክዎ እሱን ማስወጣት ይችላሉ። ወዲያው “ዲቫይሰስ” ውስጥ ገብተው ከእርስዎ ስልክ በቀር ሁሉንም ያስወጡ፤ ቱ-ስቴፑን ያስገቡ፤ ከዚያ ለቅርብ ሰዎችዎ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ይንገሯቸው። መልእክቶቹንና ብር የተላከበትን ቁጥር ፎቶ አንስተው ለፖሊስ ያቅርቡ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሕገወጥ መግባትንም ማጭበርበርንም ይቀጣል።

ፌስቡክ፦ የሚሸጡትን ይክፈቱ፣ ቤትዎን ይዝጉ

በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር ሱቅና ሳሎን በአንድ ገጽ ላይ መቀላቀላቸውን ነው። ከማሩ ፎቶ ቀጥሎ የልጅ ፎቶ፤ ዩኒፎርሙ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም በጉልህ ይነበባል። የሚሸጥ ነገር ካለዎት ለእሱ ብቻ የሚሆን “ፔጅ” ይክፈቱ። ከአንድ በላይ የሚታመን አስተዳዳሪም ይመድቡለት፤ የእርስዎ አካውንት ችግር ቢገጥመው ገጹ አብሮ አይጠፋም።

የግል ፕሮፋይልዎን ግን ይቆልፉት። ሲቆለፍ የለጠፏቸውን ነገሮችና ትልቁን ፎቶዎን የሚያዩት ጓደኞችዎ ብቻ ናቸው። የጓደኞችዎን ዝርዝርም ከሌሎች ይደብቁ። ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። አጭበርባሪ ፎቶዎን ገልብጦ በስምዎ ሌላ አካውንት ሲከፍት፣ ማንን “አድ” እንደሚያደርግ የሚያውቀው ከዚያ ዝርዝር ነው። በልደት ቀንዎ ላይ ዓመተ ምሕረቱን አይተዉት፤ በተለይ የሞባይል ገንዘብዎ ሚስጥር ቁጥር እሱው ከሆነ።

ለነጋዴዎች አንዲት የሙያ ምክር ልጨምር። የአካባቢያችንን ስም አንዱ “ካፋ” ሌላው “ከፋ” ብሎ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደልም ሲጻፍ እንዲሁ ይለያያል። ፈላጊ በየትኛው እንደሚጽፍ ስለማይታወቅ በገጽዎ መግለጫ ውስጥ ሁሉንም ያስገቡ። ከባዶ ሙገሳም እውነተኛውን ያስቀድሙ። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡ “ምርጥ ጥራት” ከሚለው ቃል የበለጠ ይሸጣል።

አንድ ሌላ ጽዳትም አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል በተገደቡ ጊዜ ብዙ ሰው ያገኘውን ነጻ ቪፒኤን ሁሉ ስልኩ ላይ ጫነ። ዛሬም ድረስ እዚያው ተቀምጦ ከሆነ ያጥፉት። የኢንተርኔት ግንኙነትዎ ሁሉ በማያውቁት ሰው በኩል እንዲያልፍ ምን አስገደደዎት?

ጌሙና ልጁ

አሁን ወደ ጌም እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በየሻይ ቤቱና በየባጃጁ ስልካቸውን በሁለት ጣት ሲያንኳኩ የነበሩትን ያስታውሷቸዋል? ቴሌግራም ውስጥ የሚገኘው “ሃምስተር ኮምባት” ነበር። የተጠራቀመው ነጥብ ወደ ዲጂታል ገንዘብ የሚለወጥበት ቀን መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ፤ ለእኛ ዕለተ ደመራ። ወራት ሙሉ ሲነካኩ የከረሙ ብዙዎች የደረሳቸው ከጠበቁት በእጅጉ ያነሰ ነበር።

ጨዋታው የወሰደው ጊዜና ባትሪ ነው። ከእሱ ጎን የሚበቅሉት ግን የከፋ ይወስዳሉ። “ገንዘብህን እናወጣልሃለን፣ የዋሌትህን 12 ቃላት ላክልን” የሚሉ ነበሩ፤ ነገም በሌላ ጌም ስም ይመጣሉ። እነዚያ 12 ወይም 24 ቃላት ዋሌቱ ራሱ ናቸው። የሰጠ ሰው ሁሉንም ሰጠ።

ልጆቻችን የሚወዷቸው እንደ ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ያሉት ናቸው። ልጅዎ የሚጫወት ከሆነ እነዚህን ይወቁለት፦

በእንግድነት፣ ማለትም በ“ጌስት” የተከፈተ አካውንት ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲጸዳ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ከጉግል ወይም ከሌላ አካውንት ጋር ያስሩለት። ለልጁ የወራት ድካሙ ነው፤ በእኛ ዓይን ትንሽ ቢመስልም።

“ነጻ ዳይመንድ” የሚል ገጽ ሁሉ የይለፍ ቃል አዳኝ ነው። አካውንት መግዛት፣ መሸጥና ማዋስም መጨረሻው ጠብ ነው።

በፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ማንኛውም ግዢ ይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ያድርጉ። የሞባይል ገንዘብ ሚስጥር ቁጥርዎን ልጅዎ እንዳያውቅ፤ ቴሌግራም ላይ ዳይመንድ የሚሸጡት ዕድሜ አይጠይቁም።

በጌሙ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ ማውራት የሚያስችለውን ያጥፉ። ለጊዜ ገደብ ደግሞ የጉግል “ፋሚሊ ሊንክ” በነጻ ይገኛል። ፌስቡክና ቲክቶክ ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዲከፍት እንደማይፈቅዱም ያስታውሱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አብሮ መቀመጥ ነው። ለአሥራ አምስት ደቂቃ ጎኑ ይቀመጡና ያስተምርዎት፤ ከማን ጋር እንደሚጫወት ሳይጠየቅ ይነግርዎታል። የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፤ የፍሪ ፋየር አካውንቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። ከአባቱ ጉዳይ በኋላ የቤተሰቡን ስልክ የማስቆለፍ ሥራ የሰጠነው ለእሱ ነው። የአያቱን ቴሌግራም በሁለት ደቂቃ ጨረሰው። የይለፍ ቃሉን በካፊኖኖ እንድትመርጥ ነገራትና ስልኩን አቀብሏት ፊቱን አዞረ። “ለእኔም እንዳትነግሪኝ” አላት። እስካሁን አልነገረችውም።

እርስዎም ረጅም ጊዜ አያስፈልግዎትም። በሚቀጥለው እሑድ ቤትዎ ቡና ሲፈላ ስልኮቹን ረከቦቱ አጠገብ ይሰብስቡ። አቦሉ እስኪወርድ የሁሉም ስልክ ላይ ቱ-ስቴፕ ይግባ። በቶናው “ዲቫይሰስ” ይፈተሽ፤ የልጆቹም አካውንት ይታሰር። በበረካው ደግሞ አንድ ነገር ተነጋገሩ፦ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ብር የሚላከው ድምፅ ከተሰማ በኋላ ነው፤ ጠያቂው ማንም ይሁን፣ ፎቶው የማንም ይሁን። ራቅ ላሉት ዘመዶችዎም ያኔውኑ ደውለው ይንገሯቸው፤ መቼም ቡና ላይ ሆነው ሲደውሉ የማይደሰት ዘመድ የለም።