የእማዬ ጀርባ

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ማታ ማታ ምን እንደምሠራ የሰሙ ዕለት ከልባቸው ሳቁብኝ። «የሂሳብ ሠራተኛ፣ ያውም ሽበት የጀመረው ሰውዬ፣ የኮምፒዩተር ጨዋታ!» መቼም ጨዋታ ሲባል ተኩስና ሩጫ ብቻ ለሚመስለው ሰው ነገሩ ያስቃል። የእኔ ግን አይተኮስበትም። ቪዥዋል ኖቭል ይሉታል፤ ሥዕላዊ ልቦለድ ብንለው አያጣላንም። ስክሪኑ ላይ አንድ ቦታ በሥዕል ይታያል፣ ሰዎች ይቆሙበታል፣ ከግርጌ ንግግራቸው ይጻፋል። አንባቢው ጠቅ ባደረገ ቁጥር ታሪኩ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ አልፎ አልፎም «ይህን ታደርጋለህ ወይስ ያንን?» ተብሎ ይጠየቃል። ጃፓኖች ለብዙ ዓመታት ያዳበሩት ጥበብ ቢሆንም ለእኛም ፈጽሞ ባዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ከፋፍሎ፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ እያኖረ የሚተርከውን ሸራ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ የከተተኝ አንድ ምሽት ነው። ዘመኑ 1991 ዓ.ም.፣ ቦታው ካዛንቺስ፣ አንድ ክፍል ቤት። ታላቅ እህቴ በማግሥቱ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩት ልትሄድ ነው። እኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። እማዬም ካረፈች ቆየች። ከዚያ ቤት አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ አልተረፈችንም። እንግዲህ ያቺ ምሽት ጨርሳ ሳትጠፋ በሥዕል ላኑራት አልኩ።

መሣሪያዬ ሬንፓይ የሚባል ፕሮግራም ነው። ቶም ሮታሜል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ሲሆን ዋጋ አይጠየቅበትም። መጀመሪያ አማርኛ ስጽፍበት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ አስቸገረኝ፤ የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት ሳስገባለት አደብ ገዛ። የቀረው ለሂሳብ ሠራተኛ አይከብድም። «ሲን» የሚለው ትእዛዝ የነበረውን ሁሉ ጠርጎ አዲስ ቦታ ያነጥፋል፤ «ሾው» ሰው ያስገባል፤ «ሃይድ» ያስወጣል። ሰው የሚቆምበት ቦታ በቁጥር ይለካል። 0 ግራ ጥግ ነው፣ 1 ቀኝ ጥግ፣ 0.5 መሐል።

ከባዱ ሌላ ነው። እማዬን፣ እህቴንና ራሴን እኩል አራርቄ ደረደርኳቸው፤ ፎቶ ቤት ለመታወቂያ የተሰለፍን መሰልን። ቡና ይዘው የተሣሉት እጆች አልታዩም፤ የስክሪኑን የታች ሩብ የንግግሩ ሳጥን ይሸፍነዋልና። አምፖሉ ከግራ እያበራ ፊታችን ከቀኝ ያበራል። ክፍሉን የሣልኩት ቆሞ በሚያይ ሰው ዓይን፣ ሰዎቹን ደግሞ ተቀምጦ በሚያይ ሰው ዓይን ስለሆነ ሦስታችንም አየር ላይ ተንሳፈናል።

ወራት ፈጀሁበት። ሁሉንም በአንድ ዓይን ከፍታ እንደገና ሣልኩ። ረከቦቱን ከሳጥኑ በላይ አወጣሁት። ብርሃኑን ከአንድ ወገን አደረግሁ። ዋናውን ሰው ከመሐል ትንሽ ገሸሽ ማድረግ፣ ከሚያይበት አቅጣጫ ክፍት ቦታ መተው እንደሚያስፈልግ ተማርኩ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሱን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሉ እንደነበር አስታወስኩና የፊት አዟዟር ራሱ ንግግር መሆኑ ገባኝ። በመጨረሻ እማዬ እህቴን ትክ ብላ እያየች ስትመርቃት፣ እኔም በመካከላቸው ዓይኔ እንባ አቅርሮ የሚታይበት ትዕይንት ወጣልኝ። በሥራዬ ኮራሁ።

ዘንድሮ እህቴ ለዕረፍት መጣች። ከእራት በኋላ ኮምፒዩተሩን ከፍቼ አስቀመጥኳት። ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገች ያቺ ምሽት ላይ ደረሰችና ቆመች።

«ቤቱስ ቤታችን ነው» አለች። «እማዬ ግን አላየችኝም እኮ።»

«እንዴት?»

«እኔ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቡና ትቆላ ነበር። አንዴም አልዞረችም። ብትዞር የምሄድ አይመስለኝም።» ትንሽ ዝም አለች። «ደግሞ አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ? አንተ እኮ አልነበርክም።»

እንዴት እንደረሳሁት ላስረዳችሁ አልሞክርም፤ አልረሳሁትምና። ያን ማታ ቤት ውስጥ የነበረውን ዝምታ መቻል አቅቶኝ ቪዲዮ ቤት ገብቼ ሁለት የህንድ ፊልም አየሁ። ስመለስ ተኝታለች። ስነቃ ሄዳለች። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ወራት ሙሉ የራሴን እንባ ብርሃን ሳስተካክል ከረምኩ።

እሷ ስትተኛ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በመጀመሪያ «ሃይድ» ብዬ ራሴን አስወጣሁ። አንዲት መስመር ናት፤ እጄ ግን ዘገየ። የተቀመጥኩበትን ዱካ ባዶውን ተውኩት። እማዬን አዙሬ ቀኝ ጥግ፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ነጠላዋና የአንገቷ ኋላ ብቻ ይታያል። ለጀርባ የሠዓሊዎቻችን ሥርዓት ምን እንደሚል አላውቅም። እህቴን ከነሻንጣዋ ወደ ግራ ጥግ ገፋሁ። መሐሉ ባዶ ሆነ። ምርቃቱን 11 መስመር ጽፌው ነበር፤ ሁሉንም ሰርዤ «ቡናው እንዳይቀዘቅዝ» የምትለዋን ብቻ ተውኩ። ከዚያም ሌላ ትዕይንት ጨመርኩ። ልጁ ከበሩ ውጭ ቆሟል፤ ሁለት ምርጫ ቀርቦለታል፤ «ግባ» እና «ሂድ»።

በማግሥቱ ማታ እንደገና አስቀመጥኳት። የእማዬ ጀርባ ላይ ስትደርስ ጣቷ አልንቀሳቀስ አለ። ብዙ ቆየች። እኔም አላቻኮልኳትም። በሩ ላይ ስትደርስ «ሂድ» የሚለውን መረጠች።

«እንዲያ ነው የሆነው» አለች።

ቀጥላ የማውሱን ጎማ ወደ ኋላ አሽከረከረች። ሬንፓይ ያነበቡትን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ያስመርጣል። ይህን ማን እንዳሳያት አላውቅም። «ግባ» የሚለውን ጫነች። ስክሪኑ ጠቆረ።

«ምነው?»

«ይቅርታ እታለም፣ እሱን ገና አልሠራሁትም።»

ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። «በል ሥራው» አለች። «ሦስት ሳምንት አለሁ። የቱ ጋ እንደምትቀመጥ እኔ እነግርሃለሁ።»