ሳይቃጠል በቅጠል፦ የኦፕራሲዮን ክፍሉ እሳት

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ በሽተኛ ላይ እሳት ሊነሣ ይችላል ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። ሐኪሞቹ ራሳቸውም የዘነጉት ይመስላል። ድሮ ማደንዘዣው ኤተር በነበረበት ዘመን እሳትን የማይፈራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1956 የማይቀጣጠለው ሃሎቴን ሥራ ላይ ሲውል ግን ፍርሃቱ እየቀነሰ ሄደ። አደጋው ግን አልጠፋም።

እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሚነድ ነገር፣ ኦክስጅንና ጫሪ። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሦስቱም በአንድ ሰው ገላ ላይ ይገናኛሉ። ቆዳው የሚጸዳው ብዙ ጊዜ አልኮል ባለበት ፈሳሽ ነው፤ ከላዩ ጨርቅ ይለብሳል፤ ደሙ የሚቆመው ኮተሪ በሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው። በጭንብል የሚሰጠው ኦክስጅን ሲያመልጥ ግን ጨርቁ ሥር ይጠራቀምና በአንድ ብልጭታ ቦግ ይላል። የፊት፣ የአንገትና የላይኛው ደረት ኦፕራሲዮን ይበልጥ የሚያሰጋው ለዚህ ነው።

የሚያስቆጨው መከላከያው ርካሽ መሆኑ ነው። አልኮሉ እስኪደርቅ ቢያንስ 3 ደቂቃ መታገሥ፤ ጸጉር ላይ ከሆነ እስከ 1 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በአልኮል የራሰ ጨርቅን ማንሣት። በሽተኛው ከሚያስፈልገው በላይ ኦክስጅን አለመስጠት፣ ከተቻለም ከ30 በመቶ በታች ማድረግ። ኮተሪውን ከማብራት በፊት ለሰመመን ባለሙያው መናገር። ሳላይን በሳህን ቀድቶ አጠገብ ማስቀመጥ።

ታዲያ ምን ጎደለ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ 19 ነጥቦች አሉት፤ ስለ እሳት የሚጠይቅ አንድም የለበትም። ሆስፒታሎች ግን መጠይቁን እንደየሁኔታቸው እንዲያሻሽሉት ተፈቅዷል። «የእሳት ስጋት አለ ወይ?» የሚል አንድ መስመር መጨመር በጀት አይጠይቅም።

ከባዱ ሌላ ነው። ወረፋው ረዝሞ፣ ሐኪሙ ቸኩሎ ሳለ አንዲት ጀማሪ ነርስ «ዶክተር፣ አልኮሉ ገና አልደረቀም፣ ትንሽ ይጠብቁ» ማለት መቻል አለባት። ይህን ስትል የሚገላምጣት ካለ መጠይቁ ወረቀት ብቻ ነው። አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ስለ እሳት ሲያስብ ኮሪደር ላይ የተሰቀለውን ማጥፊያ ብቻ ሳይሆን፣ ይህች ነርስ አፏን ለመክፈት ድፍረት አላት ወይ ብሎም ይጠይቅ። ጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው ስለ ራሱ መናገር አይችልምና።